ስልኩ ሲጮህ ማን ይሄዳል?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ በጥሪ ቡድኑ ስም የቀረበ ንግግር)



እኛ ዛሬ እዚህ የቆምነው ስለ ስልክ ልንነግራችሁ ነው። ስልክ ሲባል የወላጆች ፊት እንደሚቀያየር እናውቃለን። «እነዚህ ልጆች ቀንም ሌትም ስልክ ላይ ናቸው» የሚለውን ከእናንተው ሰምተን ነው ያደግነው። ዛሬ ግን በስልክ የምንመሰገንበት፣ ካልሆነም ቢያንስ የማንወቀስበት ነገር ይዘን መጥተናል። የተሳሳትንበትንም አንደብቅም። እንዲያውም ከምናወራው ውስጥ ግማሹ ስሕተታችን ነው።

ነገሩ የጀመረው በ2025 ጁን ወር፣ ከኢራን ጋር በነበረው የ12 ቀን ጦርነት ጊዜ ነው። ዓርብ ጁን 13 ሊነጋጋ ሲል ሀገሩ በሙሉ ከእንቅልፉ እንዴት እንደተነሣ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ስልኩን ዝም አሰኝቶ የተኛ ሰው እንኳ ስልኩ ጮኸበት። ከዚያ ለቅዳሜ አጥቢያ ሪሾን ተመታች። ለእሑድ አጥቢያ ደግሞ ባት ያምና ሬሖቦት ተመቱ፤ የዋይዝማን ኢንስቲትዩት ሕንፃዎች የተቃጠሉት ያን ሌሊት ነው። ጁን 22 እሑድ ጠዋት ተራው የኛ ሆነና እዚሁ ነስ ጺዮና ላይ ወደቀ፤ ቤቶች ፈረሱ።

ሬሖቦት በተመታችበት ሌሊት የሆነውን እንንገራችሁ። እዚህ ከመካከላችን የተቀመጡ አንዲት እናት አሉ። ስማቸውን አንጠራም፤ ታሪኩን እንድናወራ ግን ፈቅደውልናል። ስልካቸው በሌሊት ያንን አስፈሪ ጩኸት ጮኸ። አነሡት፤ አልተዘጋም። የተጻፈውን አዩት፤ ዕብራይስጥ ነው። ስልኩ የተበላሸ መሰላቸው። በነጠላቸው ጠቀለሉት፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ከልብሱ መካከል ጨመሩት፣ ሣጥኑን ዘጉና ተመልሰው ጋደም አሉ። ኋላ ስንጠይቃቸው «ስልኩ አበደ ብዬ ነው እንጂ!» አሉን። ሳቅን፤ እሳቸውም ሳቁ።

የልጅ ልጃቸው ግን ከኛ ጋር ነበርና አልሳቀም። ለምን መሰላችሁ? ያ ጩኸት ሲረኑ አይደለም። ፒኩድ ሃኦሬፍ ከሲረኑ ጥቂት ደቂቃ ቀድሞ «ወደ መጠለያ ቅረቡ» ብሎ የሚልከው ማስጠንቀቂያ ነው። በኛ ከተማ ሲረን ከጮኸ በኋላ ያለን ጊዜ አንድ ደቂቃ ተኩል ነው። ለ17 ዓመት ልጅ አንድ ደቂቃ ተኩል ሞልቶ ተርፎ ነው። እሳቸው ግን ቤታቸው ውስጥ ማማድ የለም፤ ሚክላቱ ከሕንፃው ውጭ፣ ከግቢው ማዶ ነው፤ ጉልበታቸውም እንደምታውቁት ነው። እነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ለማንም ከሚጠቅሙት በላይ የሚጠቅሙት ለእሳቸው ነበር። ቀድሞ መስማት የሚያስፈልጋት ሴት ማስጠንቀቂያውን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። (ይቅርታ እማማ፣ «ቆለፉበት» ለማለት ነው።)

በመጀመሪያ የመጣልን ሐሳብ «መልእክቱ በአማርኛ ቢሆን ኖሮ» የሚል ነበር። እውነት ነው፣ ይጠቅማል። ቁጭ ብለን ስንነጋገርበት ግን ሌላ ነገር ታየን። ከአያቶቻችን ስንቶቹ ናቸው አማርኛስ ማንበብ የሚችሉት? ከትግራይ የመጡትስ አማርኛው ከትግርኛው እኩል ይገባቸዋል ወይ? በሌሊት፣ መነጽር ሳይደረግ፣ ልብ እየመታ ማን ፊደል ይቆጥራል? የሚያስፈልጋቸው የሚያውቁት ሰው ድምፅ ነው። «እማማ እኔ ነኝ፣ ይነሡ፣ ጫማዎን ያድርጉ፣ ደረጃው ላይ እንገናኝ» የሚል ድምፅ።

እሺ፣ ድምፅ ከሆነ እኛ አለን፤ ስልክም አለን። ወዲያው ትልቅ የዋትስአፕ ግሩፕ ከፈትን። ወጣቱንም፣ ወላጁንም፣ የሬሖቦት ዘመዶቻችንንም፣ የጎረቤት ልጅንም ጨመርን። መቶ ሰው አለፍን። በጣም ኮራን።

ከዚያ ጁን 22 መጣ። ጠዋት ከተመታን በኋላ አንድ ሰው ግሩፑ ላይ ጻፈ፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ አባት ስልክ አያነሡም፣ ማን ይሄዳል? በአሥር ደቂቃ ውስጥ ከሃያ በላይ መልስ መጣ። የጸሎት እጅ፣ ልብ፣ «እግዚአብሔር ይጠብቃቸው»፣ «አይዟችሁ»፣ «ምን ተገኘ?»፣ አሁንም የጸሎት እጅ። አንዱ የወደቀበትን ቦታ ቪዲዮ ለጠፈ። ሌላው ቪዲዮው የዚህ አይደለም ብሎ ተከራከረው። ጥያቄው ወደ ላይ ወጣ፣ ወጣና ከዓይን ጠፋ። ማንም አልሄደም። እያንዳንዳችን ሌላው የሄደ መስሎን ነበር። ከመካከላችን ሁለቱ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይተው ሲደርሱ፣ እኚያ አባት ሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ተቀምጠው አገኟቸው። ደኅና ናቸው። አሳንሰሩ ቆሞ በእግራቸው ሲወርዱ ደክሟቸው ነው። ስልኩን ቤት ረስተውታል። አልተቆጡንም። «ሰው ይመጣል ብዬ ተቀመጥሁ» ብቻ ነው ያሉት።

ይህችን ቃል ይዘን ነው ቡድኑን የመሠረትነው።

ከዚያ ወዲህ ስለ ማስጠንቀቂያ ብዙ አነበብን፤ የሚያውቁ ሰዎችም ጠየቅን። ከዚያ ሁሉ ይልቅ ነገሩን ግልጽ ያደረገልን ግን ከመካከላችን ያንዷ አያት ናቸው። ግራ ስንጋባ አዩንና «ነጋሪትና የእድር ጥሩምባ አንድ ነው እንዴ?» አሉን። ነጋሪት ሲጎሰም አዋጅ ነው፤ ለሰማ ሁሉ ነው፤ የሰማውን የሚቆጥር የለም። የእድር ጥሩምባ ግን ለአባል ነው። ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል፣ የሚነሣው ግን አባሉ ነው፤ ድንኳን የሚተክለው ይታወቃል፣ ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል። እኛ ከመቶ በላይ ሰው ሰብስበን የጎሰምነው ነጋሪት ነበር። የጠፋን የስም ጥሪው ነው።

አሁን ወደ ስልኩ እንግባ፤ ወላጆች አትሰልቹ፣ አጭር ነው።

በሌሊት ያስነሣን ጩኸት የሚላክበት መንገድ ሴል ብሮድካስት ይባላል። እንደ ራዲዮ ነው። አንቴናው መልእክቱን አንድ ጊዜ ይለቀዋል፣ በክልሉ ውስጥ ያለና መቀበል የሚችል ስልክ ሁሉ ይይዘዋል። ስማችሁንም ቁጥራችሁንም አያውቅም። ትናንት ከአዲስ አበባ ለሠርግ የመጣች አክስትም ስልኳ እዚህ ኔትወርክ ላይ ከሆነ ይደርሳታል። ሰው ሁሉ እየደወለ መስመሩ በተጨናነቀበት ሰዓት እንኳ ያልፋል፤ ለአንድ ሺህ ሰውም ለአንድ ሚሊዮን ሰውም ፍጥነቱ ያው ነው። ሆላንዶች ከ2012 ጀምሮ አላቸው፣ አሜሪካኖችም በዚያው ዓመት ጀመሩ፣ ጃፓኖች ለመሬት መንቀጥቀጥ ከነሱም በፊት ይጠቀሙበት ነበር። አንድ ነገር ግን አይችልም፤ መልስ አይቀበልም። ማን እንደሰማ፣ ማን ነጠላ ውስጥ እንደጠቀለለው ላኪው አያውቅም።

አጭር የጽሑፍ መልእክት ደግሞ እንደ ደብዳቤ ነው፤ ለእያንዳንዱ ቁጥር ለብቻው ይላካል። መስመር ሲጨናነቅ ይዘገያል፣ ግን ያለ ኢንተርኔት ይሄዳል፣ የድሮ ባለ ቁልፍ ስልክ ላይም ይደርሳል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ መልእክት 160 ምልክት ይይዛል፤ በኛ ፊደል ወይም በዕብራይስጥ ከሆነ 70 ብቻ። ይህን ስናነብ መጀመሪያ አዘንን። በኋላ ቁጭ ብለን ስንጽፈው ግን፣ የኛ አንዱ ፊደል ድምፁን አሟልቶ ስለሚይዝ በ70 ፊደል ብዙ ነገር ይባላል። ፊደል የቀረጹልን ሰዎች ይመስገኑ።

ሦስተኛው መንገድ ነው የኛ ጉዳይ፤ የተዘጋ ጥሪ። ለሕዝብ አይደለም፣ ለቡድን ነው። ማዳ፣ ማለትም ማጌን ዳቪድ አዶም፣ ከ1930 ጀምሮ ያለ ድርጅት ነው፤ ዛሬ 101 ስትደውሉ አምቡላንስ ብቻ አይደለም የሚነሣው፣ በአቅራቢያ ላለ በጎ ፈቃደኛም ስልኩ ላይ ጥሪ ይገባል። በ2006 የተመሠረተው ኢሑድ ሃጻላም እንዲሁ ነው የሚሠራው። መተግበሪያው ማን የት እንዳለ ያውቃል፣ ለቅርቡ ይጠራል፣ የተጠራው «እሄዳለሁ» ብሎ ይነካል፣ ሞክድ ላይ የተቀመጠው ሰው ማን እንደተነሣ ያያል። ማንም ካልነካ ሌላ ይጠራል። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህች «እሄዳለሁ» ላይ ነው። ጥሪው ለጥቂት ሰው ስለሆነ ነው መልስ መጠየቅ የሚችለው።

ይህ የልጆች ጨዋታ እንዳይመስላችሁ፤ ታላላቅ መንግሥታትም በዚህ ነገር ተቸግረዋል። በ2001 ሴፕቴምበር 11 ኒውዮርክ ውስጥ 343 የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱ። በሰሜኑ ሕንፃ ውስጥ ከነበሩት መካከል «ውጡ» የሚለው የራዲዮ ትእዛዝ ያልደረሳቸው ነበሩ። ከዚያ በኋላ ብዙ ተከራክረው በ2012 ለፖሊስ፣ ለእሳት አደጋና ለአምቡላንስ ብቻ የሚያገለግል ፈርስትኔት የሚባል ኔትወርክ በሕግ አቋቋሙ፤ ሕዝቡ ሲደውል የነሱ መስመር እንዳይዘጋ። ወደኛ ሲመጣ ደግሞ፣ በ2023 ኦክቶበር 7 ጠዋት በጋዛ ዙሪያ ያሉ መንደሮች ኪታት ኮኔኑት እርስ በርሳቸው የተጠራሩት በአብዛኛው በዋትስአፕ እንደነበር ታውቃላችሁ። ስለዚያ ቀን እዚህ ብዙ አንናገርም። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያ ቀን ቤታቸው የገባ ሰዎች አሉ።

የራሳችንን እንንገራችሁ። ትልቁን ግሩፕ አልዘጋነውም፤ ለሠርግና ለሲግድ አውቶቡስ ጥሩ ነው። ከጎኑ ግን ትንሽ ዝርዝር ሠራን። ብቻቸውን የሚኖሩ ወይም እግራቸው የማይታዘዝላቸው አባቶችና እናቶች አሉ፤ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ልጆች ተመደቡ፣ አንድ ተጠባባቂ። በተቻለ መጠን አንዱ በእግር አምስት ደቂቃ የሚርቅ፣ ቋንቋቸውን የሚናገር። ቅድመ ማስጠንቀቂያው ሲጮህ የመጀመሪያው ልጅ ይደውላል፣ በድምፅ። ከተነሡ «ተነሥተዋል» ብሎ ይጽፋል። ካልተነሡ ሁለተኛው ይሞክራል። ያም ካልሆነ፣ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ ለሁለቱና ለተጠባባቂው ብቻ ጥሪ ይላካል። መልሱ ሁለት ብቻ ነው፤ «ሄድሁ» ወይም «አልችልም»። የጸሎት እጅ የለም፣ ልብ የለም። እግዚአብሔርን በቤታችን እንለምናለን፤ እዚያ ላይ ግን «ሄድሁ» ነው የሚጻፈው። «አልችልም» ያለ አይወቀስም፤ ዝም ያለ ነው የሚጠየቀው። በሦስት ደቂቃ ውስጥ መልስ ካልመጣ አስተባባሪው ራሱ ይደውላል።

የጥሪው ድምፅ ነገር ብዙ አሰቃይቶናል። አንዱ ልጅ ስልኩን «አትረብሹኝ» ላይ አድርጎ ይተኛል፣ የሌላዋ ስልክ ባትሪ ለመቆጠብ መተግበሪያውን ራሱ ያጠፋዋል። በመጀመሪያው ሙከራችን የሌሊቱን ጥሪ የሰማው ከግማሽ በታች ነበር። አሁን አስተባባሪዎቹ ቁጥር በያንዳንዳችን ስልክ ላይ «ዝም ቢባልም ጩህ» ተብሎ ተመዝግቧል። አዲስ ልጅ ሲገባ ስልኩን ቁጭ ብለን አብረን እናስተካክላለን፤ «በኋላ አደርገዋለሁ» አይሰራም።

ሰንበትን በተመለከተ ቄሶቻችንን ጠይቀናል፤ የነፍስ ጉዳይ መሆኑን ነግረውናል። ሰንበት ስልክ የማይነኩ እናቶች ዘንድ ከመደወል ይልቅ ጎረቤት እንዲያንኳኳ አመቻችተናል።

እዚህ ላይ ወላጆች ያነሣችሁትን ጥያቄ እንመልስ። ባለፈው ስብሰባ አንድ አባት ተነሥተው «ልጄን ሚሳይል ወደሚወድቅበት ትልኩታላችሁ ወይ?» አሉን። አዳራሹ ዝም አለ፣ እኛም ዝም አልን፤ ምክንያቱም ደንብ አልጻፍንም ነበር። አሁን ጽፈናል። ሲረን እየጮኸ ማንም ከመጠለያው አይወጣም። ፒኩድ ሃኦሬፍ መውጣት ይቻላል ካላለ ማንም አይሄድም። የገዛ አያቱ ብትሆንም። ከ18 ዓመት በታች ያለ በስልክ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ያውም ወላጁ ፈርሞ። የሚሄዱት ሁለት ሆነው ነው። ፍርስራሽ ካለ፣ ጭስ ካለ፣ በር ተዘግቶ ውስጥ ድምፅ ካለ፣ እኛ አንነካም፤ 101፣ 102 ወይም 100 እንደውላለን፣ የመግቢያውን በር እናሳያለን፣ እንተረጉማለን። ማዳ አይደለንም። መሆን የሚፈልግ ከ15 ዓመት ጀምሮ ማዳ ይቀበለዋል፤ ከመካከላችን የገቡም አሉ። እኚያ አባት ደንቡን አነበቡና ፈረሙ። ልጃቸውም ዛሬ ከኛ ጋር ቆሟል።

ከሁሉ የከፋው ስሕተታችን ግን ከሚሳይል ጋር ግንኙነት የለውም። በሰላም ቀን የሆነ ነው።

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ዝርዝሩን ለመውደቅና ለድንገተኛ ሕመምም ልንጠቀምበት ወሰንን። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጥሪ ገባ፤ እናት ወድቀዋል። ጥሪው ላይ ስማቸው፣ አድራሻቸው፣ «ራሳቸውን ስተዋል» የሚል ቃል አለ። ሁለቱ ልጆች ወዲያው «ሄድሁ» አሉ፤ በደቂቃዎች ደረሱ፣ 101 ደወሉ፣ አምቡላንስ መጣ። እንዲህ ነው እንጂ! አልን። ግን ከቡድኑ አንዱ፣ ልቡ ደግ የሆነ ልጅ፣ ተጨንቆ ጥሪውን ፎቶ አንሥቶ ለአክስቱ ላከ፤ «ጸልዩላቸው» ብሎ። አክስቱ ለእኅቷ ላከች። እኅቷ ለቤተሰብ ግሩፕ። ያ ፎቶ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ናታንያ ደረሰ፣ አሽዶድ ደረሰ፣ ቤርሼባ ደረሰ። ቤርሼባ የምትኖረው ልጃቸው ሥራ ቦታ ላይ ሆና ከማታውቀው ቁጥር መልእክት መጣላት። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይላል።

እናትየው በዚያች ሰዓት ሆስፒታል አልጋ ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጡ ነበር።

ልጅቱ እንዴት ከቤርሼባ እንደመጣች፣ መንገድ ላይ ምን እንደሆነች አንተርክላችሁም። ወላጆች ታውቁታላችሁ። እኛ ግን ያን ዕለት ማታ ነው መርዶ ምን እንደሆነ የገባን። ከልጅነታችን ጀምሮ ነገሩ ያስቀን ነበር፤ ሰው ሞቶ ሳለ ለልጁ ሳይነገር፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ዘመድ ተጠርቶ፣ ነጋ አልነጋ ተብሎ፣ «ትንሽ አሟቸዋል ና» እየተባለ። «ለምን በስልክ አይነግሩትም?» እንል ነበር። ለካ አባቶቻችን ማን ምን መቼ ይስማ የሚለውን ያውቁታል። መርዶ የሚነገረው ሰውየው ብቻውን ሳይሆን፣ የሚይዘው እጅ አጠገቡ ሲኖር ነው። እኛ መርዶ የሌለበትን ነገር በሁለት ጣት መርዶ አደረግነው።

ልጁ ወደ ቤታቸው ሄዶ እግራቸው ላይ ወደቀ። አነሡት፣ ሳሙት፣ ቡና አጠጡት። ከቡድኑ አልወጣም፤ እንዲያውም ከሁላችንም የሚጠነቀቀው እሱ ነው። ልጅቱ ግን እስካሁን አላናገረችንም፣ አንፈርድባትም።

ከዚያ በኋላ ጥሪያችን ላይ ስም የለም፣ አድራሻ የለም፣ የሕመም ዓይነት የለም። «ቤት 7፣ አሁን» ብቻ ነው የሚለው። ቤት 7 የማን እንደሆነ የተመደቡት ልጆች ያውቃሉ፤ ዝርዝሩ ወረቀት ላይ ነው፣ ሁለት አስተባባሪዎች ቤት ተቆልፎ ይቀመጣል። ለቤተሰብ የሚደውለው አንድ ሰው ነው፤ ለማን እንደሚደወልም አባቶችና እናቶች ራሳቸው አስቀድመው ይነግሩናል። አንድ እናት «ለትልቁ ልጄ አትደውሉ፣ ልቡ ደካማ ነው፤ ለምራቴ ደውሉ» ብለውናል። እንዲህ ያለውን ማንም መተግበሪያ አያውቀውም። እናንተ ወላጆችም አግዙን። ልጃችሁ ከማዕድ ድንገት ተነሥቶ ሲሮጥ «ማን ሆነ? ማን ወደቀ?» ብላችሁ አትያዙት። ሲመለስም አትጠይቁት።

የተሳሳተ ጥሪም ይላካል፤ ተልኳልም። በ2018 ጃንዋሪ 13 ሃዋይ ውስጥ «ሚሳይል እየመጣ ነው» የሚል መልእክት በስሕተት ለሕዝብ ሁሉ ተላከ፤ ስሕተት መሆኑን የሚናገር መልእክት እስኪመጣ 38 ደቂቃ ፈጀ። 38 ደቂቃ ሰው ልጆቹን እየተሰናበተ! ያነበብነው ቀን «ተሰርዟል» የሚል መልእክት ጽፈን አዘጋጅተን አስቀመጥን። ሁለት ጊዜ ተጠቅመንበታል፤ አንዴ ድመት ነበረች ስልኩን የረገጠችው።

አንድ ስሕተት ደግሞ ልንገራችሁና እንጨርስ። ለመጀመሪያው የቀን ሙከራ ለአባቶችና ለእናቶች «ማክሰኞ በ8 ሰዓት እንደውላለን» ብለን ነገርን። እኛ ያልነው በእስራኤል ሰዓት ነው፣ ማታ 20:00። እነሱ የሰሙት በኛ ሰዓት ነው፣ ከቀኑ 8፣ ማለትም እዚህ 14:00። ስልክ አጠገብ ስድስት ሰዓት የጠበቁ አባት ነበሩ። ማታ ስንደውል «ዘገያችሁ፤ በዚህ ዓይነት ሚሳይሉ ይቀድማችኋል» አሉን። ከዚያ ወዲህ ሰዓት ስንናገር ሁለቱንም እንናገራለን።

ከናንተ የምንፈልገው ጥቂት ነው። ትግርኛ የሚናገሩ ልጆች ሁለት ብቻ ናቸው ያሉን፤ ቤት ውስጥ ትግርኛ የምትሰሙ ኑልን። ስልካቸው አሮጌ የሆነ፣ ቅድመ ማስጠንቀቂያውን የማይቀበል አባቶች አሉ፤ ዛሬ ስልካችሁን ይዛችሁ ከመጣችሁ ከቡና በኋላ አንድ በአንድ እናየዋለን። ጎረቤታችሁ ሩሲያዊ ይሁን ሞሮኳዊ፣ ለአያታችሁ በር የሚያንኳኳ ሰው ካለ ቁጥሩን ስጡን፤ ቤት 3 እና ቤት 11 ያሉን እንደዚህ ባሉ ጎረቤቶች ነው። መፈረሚያው በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ በአማርኛና በዕብራይስጥ። ማንበብ የማይችል እናነብለታለን።

የሚቀጥለው ሙከራ ማክሰኞ ነው፤ በኛ ሰዓት ከምሽቱ 2፣ በእስራኤል ሰዓት 20:00። እኚያ ስልካቸውን ነጠላ ውስጥ የጠቀለሉት እናት የመጀመሪያዋ ተደዋይ ናቸው፤ እሳቸው ራሳቸው «ከኔ ጀምሩ» ብለዋል።